ክርክር፦ የእጅ ጽሁፍ የሚመስል ፎንት ለአማርኛ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

የሰርግ ካርዱም የካፌ ታፔላውም የቡና ማሸጊያውም አሁን አሁን በእጅ የተጻፈ በሚመስል ፎንት እየሆነ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፦ አንዷ ፎንት፣ ማለትም የኮምፒውተር ፊደል መልክ፣ የምትስል ግራፊክ ዲዛይነር ናት፣ ሌላኛው ማተሚያ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን የሰሩ ሰው ናቸው። የተጻጻፉት እንዲህ ነው።

ዲዛይነሯ፦ እናቴ አረብ አገር እያለች የላከቻቸው ደብዳቤዎች አሁንም አሉኝ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር ያለው ወረቀት፣ ፊደሎቿ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላሉ፣ "ሰ"ዋ ደግሞ ሁሌም ከሌሎቹ ትገዝፋለች። ፖስታውን ገና ሳልከፍተው የሷ መሆኑን አውቃለሁ። ኮምፒውተር ላይ ያሉን ፎንቶች ግን አብዛኞቹ ወይ የጋዜጣ ወይ የቢሮ ደብዳቤ መልክ ነው ያላቸው፣ ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር መጣች ሁሉም ሰው በኒያላ ጻፈ፣ ከዛ ኖቶ መጣ ሁሉም በኖቶ፣ እና የሀዘን ማስታወቂያውም የባንክ ቅጹም የሰርጉም ካርድ አንድ ድምጽ ሆነ። ሰው ደስታህን እንዲካፈል ስትጠራው ወረቀቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ መምሰል የለበትም። ለዛ ነው የእጅ ጽሁፍ ፎንት የሚያስፈልገን።

ባለ ማተሚያው፦ ልጄ የእናትሽ ደብዳቤ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን እናትሽ የጻፈችው ላንቺ ነው፣ እጇን ለምደሽዋል። ካርድ የሚሄደው ያንን እጅ አይቶት ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ በሰራሁበት ቤት የሆነውን ልንገርሽ፦ የሙሽራዋ ስም በ"ቤ" ይጀምራል፣ የተመረጠው ፎንት ቀጭን የእጅ ጽሁፍ ነው፣ በወርቃማ ፎይል ሲታተም የ"ቤ" ቀለበት ተደፈነችና "ቢ" ሆና ወጣች። 300 ካርድ። የልጅቷ እናት ካርዱን ይዘው ቆመው የልጄን ስም ቀየራችሁት ሲሉ የምመልሰው አጣሁ፣ እንደገና አተምነው።

እና ይሄ የአንድ ፎንት ጥፋት አይደለም፣ የፊደላችን ጠባይ ነው። ላቲን ላይ የፊደሉን እግር ብትጎትቺው፣ ጭራ ብታበጂለት፣ ብትጠቀልዪው ያው ፊደል ነው። የኛ አናባቢ ግን ያለው እዛው እግሩ ላይ ነው! "በ"ን ለማሳመር ቀኝ እግሯን ረዘም ካደረግሽ "ባ" ሆነች፣ ታፔላው "በር" ይል የነበረው "ባር" ይላል። የ"ቡ" ሰረዝ ከወገቧ ትንሽ ወረድ ካለች "ቢ" ነች፣ ቡናው ቢና ሆነ ማለት ነው። ጌጥ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ተይዟል።

ዲዛይነሯ፦ ጋሼ ስለ እግሩ ያሉት ልክ ነው፣ እኔም የምናደደው በሱ ነው፣ የእንግሊዝኛ ጭራ ቆርጠው አማርኛ ላይ የሚለጥፉ አሉ። ግን ያ የእጅ ጽሁፍ አይደለም። የኛ እጅ እኮ ፊደል ከፊደል አያያይዝም፣ እግርም አይጠቀልልም። ብራና ላይ በመቃ ብዕር ይጽፉ የነበሩ ቁም ጸሐፊዎች ውበቱን የት እንዳስቀመጡት ይዩ፦ በመስመሩ ውፍረትና ቅጥነት፣ በቀይ ቀለሙ፣ በገጹ ራስ ላይ በሚሳለው ሐረግ የሚባል ጌጥ። ፊደሉን ለጌጥ ብለው አላጣመሙትም። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ያንን ወግ ተከትሎ የተሳለ ነው፣ ማንም ያነበዋል። እኔ የምለው ለእስክሪብቶ እጅም እንደዛው ይሰራለት ነው፣ ዘንበል ማለቱ፣ የቁመቱ አለመመጣጠን፣ የቀለሙ መወፈርና መሳሳት፣ ይሄ ሁሉ አናባቢውን ሳይነካ ይቻላል።

ባለ ማተሚያው፦ ይቻላል እሺ፣ ማን ይስለዋል ታዲያ? 33 በ7 231 ነው፣ እንደ "ሏ" ያሉትን ዲቃላዎች ሳልቆጥር። ሰው ሲጽፍ ደግሞ ሁለት "ለ" አንድ አይሆንለትም፣ ፎንቱ ላይ ግን ሁሉም "ለ" አንድ ነው፣ አይን ወዲያው ይይዘዋል፣ የታተመ መሆኑን የሚደብቅ ነገር ደግሞ እኔ አልወድም። ሌላም አለ፣ ከድሮዎቹ ጌጠኛ ፎንቶች ብዙዎቹ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀውን አንድ ቁጥር በሚሰጠው ስርዓት፣ የተሰሩ አይደሉም፣ የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት፣ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው በፈረንጅ፣ እስከ ዛሬ ግን በዛ መንገድ የተሰራ ፋይል በፍላሽ ይመጣልኛል።

ዲዛይነሯ፦ የዩኒኮዱ ነገር ላይ አልከራከርም፣ ዛሬ በድሮው መንገድ ፎንት የሚሰራ ሰው ሰውን እየጎዳ ነው። ስለ "ለ" ግን፣ እኔ አሁን በምስለው ላይ በብዛት ለሚመላለሱት ፊደላት፣ ለ"ን"፣ ለ"ት"፣ ለ"ው"፣ ለ"ል"፣ ለየአንዳንዳቸው ሶስት ሶስት መልክ ሰጥቻለሁ፣ ፎንቱ ራሱ እያፈራረቀ ያወጣቸዋል። ጊዜ ይፈጃል አዎ፣ ማታ ማታ ነው የምሰራው። ስራው ከባድ ነው ተብሎ ግን ልጆቻችን የሰው እጅ ያለበት አማርኛ ሳያዩ ይደጉ? በተለይ ውጭ አገር የሚያድጉት አማርኛን የሚያውቁት በስልክ ስክሪን ብቻ ነው፣ አያታቸው እንዴት እንደምትጽፍ አይተው አያውቁም።

ባለ ማተሚያው፦ እዚህ ጋ አሸነፍሽኝ ልበል፣ ካርዱ ላይ የሙሽሮቹን ሁለት ስሞች በትልቁ በእጅ ጽሁፍ፣ ይሁን። ቀኑን ሰዓቱን ቦታውን ግን አላስነካም፣ አይናቸው የደከመ ሰዎች ናቸው ካርዱን የሚያነቡት።

ዲዛይነሯ፦ ቦታና ሰዓቱን ለእርስዎ ትቻለሁ። ስሙ ግን የእኔ ነው።

ባለ ማተሚያው፦ እንግዲያው ያቺን "ቤ" በ14 ሳይዝ፣ ሻካራ ወረቀት ላይ፣ በፎይል አትመሽ አምጪልኝና መነጽር ሳላደርግ ላንብባት።

ዲዛይነሯ፦ ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። ቀለበቷን አስፍቻታለሁ።