የምጣዱን ስፒና የሚያቀልጠው መብራት ኃይል አይደለም

የምጣድ ስፒና በቀለጠ ቁጥር ተወቃሹ መብራት ኃይል ነው፤ እሱ ካልሆነ ምጣዱ። «ኃይሉ በዛ»፣ «ሽቦው አረጀ» ይባልና ሌላ ስፒና ይገዛል። ጥቂት ወር ቆይቶ እሱም ይቀልጣል። እዚህ አዳማ፣ ብዙ ተከራይ አንድ ግቢ ውስጥ በሚኖርበትና እንጀራ በተራ በሚጋገርበት ማድ ቤት፣ ነገሩ እንደ ደንብ ተቆጥሯል። እኔ ግን ጥፋቱ ያለው ሶኬቱ ውስጥ ነው እላለሁ፤ ስፒናውን ቆንጥጣ በምትይዘው ቁራጭ፣ በመያዣዋ ላይ። ከምን እንደተሠራች ሻጩም፣ ገዢውም፣ ተቆጣጣሪውም አይጠይቅም።

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ይመጣል፤ ይህ ደግሞ አንድ ደህና የቤት ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። ስፒናውና መያዣው በደንብ ከተነካኩ በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንደልብ እንዳያልፍ የሚያግደው፣ በኦም የሚለካው) ጥቂት የኦም ሺህኛ ስለሆነ ሙቀቱ አይታወቅም። ዝገት ወይም የላላ መያዣ ሬዚስታንሱን አንድ አስረኛ ኦም ካደረሰው ግን እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 25 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሞባይል ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበት ትንሽ መበየጃ በዚህን ያህል ኃይል ይሠራል። እዚያ የሚባክነው ቮልት ደግሞ ከ220ው 1.6 ብቻ ነው። ምጣዱ እንደወትሮው ይግላል፣ እንጀራው ዓይን ያወጣል፣ አምፖሉም አይደበዝዝም። የፕላስቲክ ሽታ እስኪመጣ ድረስ ማንም የማይጠረጥረው ለዚህ ነው።

ከብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ብርን የሚያህል የለም፤ መዳብ በቅርብ ይከተለዋል። ናስ የመዳብን ሩብ ያህል፣ ብረት አንድ ስድስተኛውን ያህል ያስተላልፋሉ። ደህና ሶኬት በመዳብ ፈንታ በናስ የሚሠራው ናስ ስፒናውን ቆንጥጦ የመያዝ ጉልበት ስላለው ነው። ፎስፈር ያለበት ነሐስ በዚህ ከናስም ይሻላል፤ ሲሞቅ ቶሎ አይላላም። ርካሹ ሶኬት ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ናስ መሳይ ቅብ የተቀባ ስስ ብረት ነው። ስፒናው ሲገባና ሲወጣ ቅቡ ይፋቃል፣ በማድ ቤት እንፋሎት ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ መያዣውን ያላላዋል፣ የላላው ደግሞ ይብስ ይሞቃል። የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራ ሲጨመርበት ዕድሜው ያጥራል።

አንድ የቀለጠ ሶኬት ፈትቼ አይቻለሁ። በአንደኛው ቀዳዳ በኩል ያለው መያዣ አሁንም ቢጫ ነው፤ ሌላው ጠቁሮ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ሄዷል፣ አፉም በጣት ሲነኩት ወደ ቦታው የማይመለስ ሆኗል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሳስጠጋበት ቢጫውም ጠቋራውም ተጣበቁ። ናስ ቢሆኑ ማግኔት አይስባቸውም ነበር። ይህን ማንም ገዢ ሱቅ ደጃፍ ላይ መሞከር ይችላል፤ ማግኔቱን ግን መያዣው ላይ እንጂ ብሎኑ ላይ አያድርገው፣ ብሎን በጥሩ ሶኬትም ላይ ብረት ሊሆን ይችላል። የጠቆረውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም አይረዳም፤ የቀረውን ቅብ ያነሳዋል እንጂ የላላውን አያጠብቀውም። የአሉሚኒየም ገመድን ከመዳብ ጋር ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም ያው ጥፋት ነው፤ አሉሚኒየም አየር እንደነካው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይለበጣል።

አዳማ በደጇ 51 እና 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች አሏት። ስለ መብራት ስንከራከር የምናነሳው ማመንጫውን፣ ትራንስፎርመሩንና ምሰሶውን ነው። ስፒናና ሶኬት ስለሚነካኩባት ስለ መጨረሻዋ አንድ ሳንቲሜትር የሚናገር አላጋጠመኝም፤ ቤት የሚቃጠለው ግን እዚያ ነው።

«ድሃው ርካሹን ካልገዛ ምን ይግዛ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዓመት ሦስቴ የሚቀየር ስፒና ርካሽ አይደለም፣ ልጆች ተኝተው የሚነሳ እሳትማ በምንም ዋጋ አይተመንም። ማሸጊያው ላይ «16 አምፒር» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። አይኢሲ 60884 የተባለው ዓለም አቀፍ የሶኬት ደረጃ በሙከራ ጊዜ ገመዱ የሚታሰርበት የሶኬቱ ተርሚናል ሙቀት ከአካባቢው ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ያዛል። ከውጭ የሚገባ ሶኬት ሁሉ በዚህ ልክ ተፈትኖ፣ መያዣው የተሠራበትም ነገር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ መሸጥ አለበት። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲገቡ ፈቃድና ዋጋ ብቻ አይዩ፤ ሶኬት ፈትተው ይመልከቱ።

ይህ ጉዳይ ከምጣድም እያለፈ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ቤቱ የሚሞላ ሰው በርክቷል። ምጣድ ቢበዛ ጥቂት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ሰውም አጠገቡ አለ። መኪና ሌሊቱን ሙሉ፣ ባለቤቱ ተኝቶ፣ በዚያው ሶኬት ይሞላል።

አከራዮችም ኃላፊነቱን ለተከራይ አይተዉት። ለምጣድ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጉለት፤ ምጣዱ ከማድ ቤት የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ስፒናው ቀርቶ በብሎን በሚጠብቅ የናስ ተርሚናል ይታሰር፣ ብሎኑንም ባለሙያ በየጊዜው፣ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ያጥብቀው።