የባሕር ሥር ምሕንድስና ለድሬዳዋ ልጅ

ባለፈው ክረምት አንድ የሠፈራችን ልጅ፣ የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት የቀረው ተማሪ፣ ምክር ፍለጋ ከዚራ ሠፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። ውጭ አገር ሄዶ በባሕር ሥር ምሕንድስና፣ ማለትም ነዳጅና ጋዝ ለማውጣት በባሕር ወለል ላይ የሚተከሉ ዕቃዎችን በሚነድፈው ሙያ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር አስቧል፤ አጎቱ ግን «ባሕር የሌለው አገር ልጅ፣ ያውም ዓለም ነዳጅን እተዋለሁ በሚልበት ዘመን፣ የነዳጅ ሙያ ተምረህ የት ልትደርስ ነው?» ብለው ተቃውመውታል። የአጎቱ ሥጋት የብዙ ወላጆች ሥጋት ነው፤ መነሻውም ለልጁ ማሰብ ነው። እኔ ግን ሙያውንና ነዳጁን አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ለልጁ ከነገርሁት ሰፋ አድርጌ እዚህ አቀርባለሁ።

በባሕር ወለል ላይ በተቆፈረ የነዳጅ ጉድጓድ አፍ ላይ ባለሙያዎቹ «የገና ዛፍ» የሚሉት የቫልቮች ስብስብ ይተከላል። ከዚያ የሚነሡት ቱቦዎች፣ ኃይልና ትእዛዝ የሚያደርሱት ኬብሎች፣ አንዳንድ ቦታም ፓምፖችና የጋዝ መጭመቂያዎች እዚያው ጨለማው ውስጥ ይሠራሉ። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 1,500 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ያህል ያርፋል። ውሃው ቀዝቃዛ በመሆኑ ጋዝና እርጥበት ሲገናኙ በረዶ መሰል ጓል ሠርተው ቱቦውን ሊደፍኑት ይችላሉ። ጠላቂ ሊደርስበት በማይችል ጥልቀት አንዲት ብሎን እንኳ የምትጠብቀው ከመርከብ ላይ በሚታዘዝ ሮቦት ነው። እኛ ቤት ጓርኒሲዮን ቢያልቅ ውሃውን ዘግተን በግማሽ ሰዓት እንቀይራለን፤ እዚያ ግን ለዚያችው ሥራ መርከብ መከራየትና ማዕበሉ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ይላል። ስለዚህ መሐንዲሱ ዕቃውን ሲነድፍ ለ20 እና ለ25 ዓመታት የሰው እጅ እንደማያገኘው አድርጎ ማሰብ አለበት።

የዚህን ሙያ ልብ ለመረዳት ደግሞ የድሬዳዋ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በከተማችን ውሃ ያፈላ ሁሉ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ የኖራ ቅርፊት ያውቀዋል፤ በሆምጣጤ ስናስለቅቀው፣ በቢላዋ ስንፍቀው ነው ያደግነው። በባሕር ውስጥ ያለን ብረት ከዝገት ለመጠበቅ የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ጡብ ከጎኑ ይገጠምለታል፤ ጡቡ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፈዋል። በዚህ ጊዜ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ምክንያት እኛ የምንፍቀው ዓይነት ኖራ በብረቱ ላይ ይጋገራል፤ መሐንዲሱም ይህን ቅርፊት እንደ ባለውለታ ይቆጥረዋል፤ ብረቱን ሸፍኖ ስለሚይዝለት ጡቡ ቀስ ብሎ ያልቃል። የጡቡ ክብደት ለስንት ዓመት እንደሚበቃ አስቀድሞ ይሰላል። ይህ ስሌት ታዲያ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ድፍድፍ ነዳጅ ይሁን ጋዝ፣ ወይም ብረቱ የነፋስ ተርባይን እግር ይሁን አይጠይቅም። ሙያው የግፊት፣ የዝገትና የብረት ድካም (ብረት በተደጋጋሚ ጫና ውሎ አድሮ መሰንጠቁ) ሙያ ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

ከነዳጅ ወደ ሌላ የኃይል ምንጭ የሚደረገው ሽግግርም ሙያውን ወደ ሌላ ሥራ እያሻገረው እንጂ እየጣለው አይደለም። በኖርዌይ የስላይፕነር ጋዝ መስክ ከ1996 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል በታች ባለ ድንጋይ ውስጥ ሲቀበር ቆይቷል። በ2017 ስኮትላንድ አጠገብ እያንዳንዳቸው 6 ሜጋዋት የሚያመነጩ አምስት ተንሳፋፊ ተርባይኖች ሥራ ጀመሩ። ኖርዌይንና ብሪታንያን የሚያገናኘው 720 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ኬብል ደግሞ በ2021 አገልግሎት ላይ ዋለ። ተርባይኖቹን ያሰናዳው ያው ለአሥርተ ዓመታት በሰሜን ባሕር ነዳጅ ሲያወጣ የኖረ ኩባንያ ነው። ሽግግሩ ግን ንጹሕ መስመር አይደለም፤ 88 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሃይዊንድ ታምፔን የተባለው የኖርዌይ ተንሳፋፊ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ኃይሉን የሚሰጠው ለነዳጅና ጋዝ ማውጫዎች መሆኑን ተማሪው አውቆ መግባት ይገባዋል።

ሁሉም ዕውቀት እንዳለ ይሻገራል ማለቴ አይደለም። ተርባይኑ በቋሚ መሠረት በሚተከልበት ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ ዋናው ሥራ መሠረትና ኬብል ነው፤ የቫልቭና የፍሰት ባለሙያ ብዙም አይፈለግም። ለእርሱ የሚቀርበው ካርቦን መቅበሩና አሮጌ ጉድጓዶችን መድፈኑ ነው፤ እዚያም ቢሆን እርጥበት ያገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲድ ሆኖ ቱቦውን ከውስጥ ስለሚበላው አዲስ ነገር መማር ይጠበቅበታል። ከ2014 አጋማሽ እስከ 2016 መጀመሪያ የበርሜል ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ከነበረበት ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ እጅግ ብዙ ባለሙያዎች ከሥራ ወጥተዋል። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን በተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ላይ የደረሰው አደጋ የ11 ሠራተኞችን ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ ልጁን የመከርሁት የቁሳቁስ ሳይንስን፣ ዝገትን፣ የብረት ድካምንና የቁጥጥር ሥርዓትን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይህ ቫልቭ ባይዘጋስ?» ብሎ መጠየቅን እንዲለምድ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። የቶርኖ ሥራ የሚያውቀውና የኩሽኔታን ሙቀት በእጁ ጀርባ ነክቶ የሚለየው ሰው እንፋሎቱ ቀርቶ ናፍጣ ሲመጣም ሥራ አላጣም፤ የተቸገረው እሳት መማገድ ብቻ የሚያውቀው ነበር ይለን ነበር። በ1902 ሐዲዱ ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ልጆች፣ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር እያዩ፣ ሞተሩ ሲለወጥ ሙያ ሁሉ ይሞታል ብለው ሊፈሩ አይገባም።

ተምሮ ሲመለስስ ምን ይሠራል? ይህን የአጎቱን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም። የጊቤ 3 ግድብ ከፍታ 243 ሜትር፣ የተከዜ 188 ሜትር ነው። የእነዚህ ግድቦች መዝጊያዎችና የውሃ መግቢያ ወንፊቶች ውሃ ውስጥ ተቀምጠው የሚያረጁ ብረቶች ናቸው፤ ሐይቁን ሳያጎድሉ እነርሱን መመርመር የሮቦትና የዝገት ባለሙያ ይጠይቃል። ከእኛ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጅቡቲ ብዙ የባሕር ሥር ኬብሎች ወደ የብስ ይወጣሉ፤ አገራችን ለኢንተርኔት ከምትጠቀምባቸው በሮች አንዷም እርሷ ናት። በ2024 በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች መበጠሳቸውን ሰምተናል። የምሥራቁ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቢያንስ አንድ የዝገትና የውሃ ውስጥ ፍተሻ ኮርስ ቢከፍቱ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም፤ ልጆቻችንም ለመጀመሪያው ትምህርት ባሕር መሻገር ባላስፈለጋቸው ነበር።

ልጁ እስከዚያው የመመረቂያ ሥራውን በከተማችን የውሃ ቱቦ ላይ በሚጋገረው ኖራ ላይ እንዲያደርግ ነግሬው ተስማምቷል። ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ሠፈር ተቆርጦ የወጣ ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ ይዞልኝ መጣ፤ ቀዳዳው ጠብቦ አውራ ጣቴን እንኳ አላስገባ አለኝ። አሁን ቅርፊቱን በየሚሊ ሜትሩ እየለካ ነው።