መረሬውን እዚያው በኖራ አክሙት

ሰሞኑን በሰፈራችን ስለሚሠራው መንገድ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። መሐንዲሱ መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ አንድ ሜትር ተቆርጦ እንደሚወጣና በቦታው ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) እንደሚሞላ ነገረን። አንድ አባት በኖራ ማከም አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱ አጭር ነበር፤ ኖራ ውድ ነው፣ ደግሞም ለእኛ አፈር አይሆንም።

ያበሳጨችኝ ሁለተኛዋ ናት። ኖራ የሚፈልገው እኮ ይሄንኑ አፈር ነው! ንጹሕ አሸዋ ላይ ብትበትነው ፋይዳ የለውም። ሸክላ ያስፈልገዋል። መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው በሸክላው ጠባይ ነው። ኖራ ሲገባበት ካልሲየሙ ሸክላው ላይ ይይዛል። ያ የሚያጣብቅ ጭቃ በቀናት ውስጥ ፍርፍር ይላል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። ከዚያ በደንብ ከተጠቀጠቀ ለወራት እየጠነከረ ይሄዳል።

በእርግጥ ገበሬው አሲዳማ ማሳ ላይ የሚበትነውን ማለቴ አይደለም። እሱ ተፈጭቶ የቀረበ ድንጋይ ነው። ለመንገድ የሚሆነው በእሳት የተቃጠለው ነው። ድንጋዩ ደግሞ ከሙገር እስከ ድሬዳዋ አለን።

ውድ ነው ላሉት፣ ኑ እንቁጠር። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር፤ 10,000 ሜትር ኩብ አፈር ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 625 ምልልስ። አፈር ሲቆፈር እንደሚነፋ ሳንቆጥር! ገረጋንቲውን ለማምጣት ሌላ 625። ናፍጣውን ማን ይከፍላል? ሲኖዎቹ የሚጨፈልቁትን የገጠር መንገድስ? መረሬው የሚደፋው የማን ማሳ ላይ ነው? ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። ልጆች ይዋኙበታል። ይሄ በየትኛው የወጪ ሠንጠረዥ ገባ?

አሁን ኖራውን እንይ። አፈሩን በሁለት ንብርብር 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ የክብደቱን 6 በመቶ ኖራ ቀላቅለን ብናክመው፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 500 ቶን ገደማ ይበቃል። 40 ቶን በሚጭን ተሳቢ 13 ምልልስ። 1,250 እና 13! የኖራ ዋጋ ውድ ነው ሲባል ይሄ ልዩነትም አብሮ ይቆጠር።

ዱቄቱ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ እሺ። ለሠራተኛው መነጽርና ጓንት ይገዛለት። የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የሰፈራችንን አፈር ቤተ ሙከራ ውሰዱና ከኖራ ጋር ፈትሹት። ውጤቱን በሚቀጥለው ስብሰባ ቁጥሩን ይዛችሁ አሳዩን። ኤክስካቫተሩ እስከዚያ ይቁም።