የአባታቸው ስም ማን ነው?

ሦስት ቀን! ደሴ ተቀምጬ ጭጋጉ ጦሳን ሲሸፍንና ሲገልጥ በመስኮት እያየሁ ሦስት ቀን የፈጀሁት ለአንዲት መስመር ነው። መፍትሔ ልትነግሩኝ የተነሣችሁ ወንድሞች ታገሡኝ፤ መፍትሔውን አግኝቼዋለሁ። ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ኮምቦልቻ ላለ ወፍጮ ቤት የሞተር ሙቀት የሚከታተል ፕሮግራም ጽፌያለሁ። የሚሠራው ባለ 32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ባላት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳዋ አቅም ስለሌላት ኮምፓይል የማደርግላት (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የምተረጉምላት) በላፕቶፔ ነው። የላፕቶፔ ሲ ላይብረሪ (የሲ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ የኮድ ስብስብ) ግሊብሲ፣ የእሷ ደግሞ መስል።

ስህተቱ «ለኦፍ ቲ የተጋጩ ዓይነቶች» ይላል። ኦፍ ቲ የፋይልን መጠንና በፋይል ውስጥ ያለን ቦታ የሚይዝ የቁጥር ዓይነት ነው። ኮዴን ገለባበጥኩት፤ የተጋጨ ነገር የለም። ሲስሩቱን (ኮምፓይለሩ የሰሌዳዋን ፋይሎች የሚፈልግበትን ፎልደር) አየሁት፤ ልክ ነው። በሁለተኛው ቀን ኮምፓይለሩን አራግፌ እንደገና ጫንኩት (ተስፋ የቆረጠ ሰው የማያደርገው የለም)።

እናቴ ለአቦል ጠራችኝ፣ «መጣሁ» አልኩ። የደረስኩት ለበረካ ነው።

«አብሽር ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ተምታተውብኝ ነው።»

«ታዲያ በአባታቸው ስም አትጠራቸውም?»

እውነቷን ነው። ፒያሳ ቆሞ «መሐመድ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ስንቱን ዘወር ያሰኛል? ሄደር ፋይሎቹም (የላይብረሪው ዓይነቶችና ፈንክሽኖች የሚታወጁባቸው) ላፕቶፔ ላይም ሰሌዳዋም ዘንድ ስማቸው ያው ነው፤ ውስጣቸው ግን ለየቅል። በ32 ቢት ግሊብሲ ኦፍ ቲን ካልተነገረው በቀር 4 ባይት ያደርገዋል፤ መስል ሁልጊዜ 8 ባይት። ሁለቱ አንድ ቤት ሲገቡ ጠብ ነው።

ኮምፓይለሩን በትልቁ ኤች ትእዛዝ ያስገባውን ሄደር ሁሉ ከነሙሉ አድራሻው አስዘረዘርኩት። በነጥብ በነጥብ እየገባ ወረደ። ከመካከሉ የላፕቶፔ የራሱ የሄደሮች ፎልደር፣ «ዩኤስአር ኢንክሉድ»፣ ቁጭ ብሏል!

የተዋስኩት ላይብረሪ ደራሲ ሜክፋይሉ (የኮምፓይል ትእዛዞቹ የሚሰፍሩበት ፋይል) ውስጥ ያንን ፎልደር በእጁ ጽፎታል። ለምን? ለምንም! እሱ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይለሩ ፎልደሩን ድሮም ስለሚያውቀው ትእዛዙን ችላ ብሎ ያልፋል። የእኔው ግን ለሰሌዳዋ የሚተረጉም ስለሆነ አያውቀውምና እንደ ክቡር እንግዳ ተቀብሎ ከሰሌዳዋ ሄደሮች ፊት ያስቀምጠዋል። ሲስሩት ብትለው ባትለው እዚህ ላይ አይሰማህም። ለራሱ የማይጠቅመውን መስመር ጽፎ ሦስት ቀኔን በላው!

ሰረዝኳት፤ አለፈ። ወደ ሁለተኛው ላይብረሪ ገባሁ። ፒኬጂ ኮንፊግን (ላይብረሪዎች የት እንዳሉ የሚናገረውን ፕሮግራም) የሄደሮቹን መንገድ ጠየቅኩት። የላፕቶፔን መንገድ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰጠኝ።