ለዲዝኒ ጉዞ ወኪል ከመፈለግ በፊት ማደሪያን መወሰን

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታ ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር አበሻ ለአንድ ጉዳይ የጉዞ ወኪልን ያለ ብዙ ጥያቄ ያምናል፤ ወደ አገር ቤት ለሚደረግ በረራ። ትኬት በየትኛው ወር እንደሚወደድ፣ ሻንጣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ፣ እናት ብቻቸውን ሲመጡ ተሽከርካሪ ወንበር እንዴት እንደሚታዘዝላቸው የሚያውቅና በአማርኛ የሚያናግር ሰው ስልክ ቁጥር በየቤቱ አለ። ልጆች «ዲዝኒ ውሰዱን» ብለው ሲወተውቱ ግን ያው ቤተሰብ ወኪል የሚለውን ነገር ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። «ደላላ መሃል ገብቶ ምን ሊያደርግልን? ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» ይባላል። በእኔ አስተያየት መጠርጠሩ አይከፋም፤ የተነሳው ግን ከተሳሳተ ሒሳብ ነው።

አገር ቤት የምናውቀው ደላላ ከገዢም ከሻጭም ይቀበላል፤ ስለዚህ እሱን መዝለል የቻለ ሰው ገንዘብ ያተርፋል። የዲዝኒን ጉዞ የሚሸጥ ወኪል ግን የሚከፈለው በዲዝኒ ነው። ሆቴልና የመግቢያ ትኬት አንድ ላይ ሲገዙ ኮሚሽኑ ከግብር በፊት ካለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ወኪሉ እጅ የሚገባውም ተጓዡ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ብታስይዙትም በወኪል ብታስይዙትም ዋጋው ያው ነው። ወኪል ባለመጠቀማችሁ ኩባንያው የሚመልስላችሁ ሳንቲም የለም። «አገልግሎታችን በነጻ ነው» የሚለው የወኪሎች ማስታወቂያም ቢሆን እውነቱን በግማሽ የሚናገር ነው። 6,000 ዶላር የከፈለ ቤተሰብ 600 ዶላር ገደማ የሆነውን የወኪል ድርሻ አብሮ ከፍሏል። ካልተጠቀመበት ገንዘቡ ለዲዝኒ ይቀራል።

የአሜሪካ ትላልቅ አየር መንገዶች ለወኪሎች ይከፍሉት የነበረውን መደበኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 አቋርጠዋል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ወኪል እንጀራው ያለው በሆቴል፣ በመርከብ ጉዞና በጥቅል ሽያጭ ላይ ነው። ስለዚህ ወኪል ያስፈልገኛል ወይ ብሎ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ የት እንደሚያድር ነው። የቀረው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

የእኛ ሰው የተለመደ አካሄድ ይታወቃል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተማክሮ፣ መኪና ሞልቶ፣ ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ሌሊት ተነስቶ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ከዲዝኒ ፓርኮች አጠገብ ባለችው ኪሲሚ ላይ የመዋኛ ገንዳ ያለው ባለ አምስት መኝታ ቤት ለሳምንት ተከራይቷል። እንጀራው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ወጡ በዕቃ ታሽጎ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ተደርድሯል። ይህ ጥሩ ጉዞ ነው፤ ከማንኛውም ሆቴል ይልቅ ልጆቹ የሚያስታውሱት የአክስት ልጆቻቸውን ይዘው ገንዳ ውስጥ የዋሉበትን ቀን ሊሆን ይችላል። ለወኪል ግን ምንም የሚያስገኝለት ነገር የለም። ቤቱ የተከራየው በሌላ መንገድ ነው፤ ከመግቢያ ትኬት ብቻ የሚያገኘው ደግሞ ጥቂት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቤተሰብ ወኪል ስልኩን እያነሳ እንዲያማክር መጠበቅ ሰውን ያለ ደሞዝ ማሠራት ነው።

ደግሞም ብዙ አያስፈልገውም። የትኬት ዋጋ እንደየቀኑ ይለያያል፤ ገና እና የትምህርት ቤት ዕረፍት እጅግ ውድ ናቸው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነጻ ይገባል፤ 10 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ይከፍላል። መኪና ለማቆምም በየቀኑ ክፍያ ይጠየቃል። ወረፋ የሚያሳጥረውን «ላይትኒንግ ሌን» የሚባለውን ክፍያ የሚፈልግ ውጭ የሚያድር ሰው ከሦስት ቀን በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። ይህን አውቆ የሄደ ቤተሰብ ሌላውን ቀስ እያለ ይደርስበታል።

ዲዝኒ ግቢ ውስጥ ማደር ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት አንድ ፓርክ ነበረው። ዛሬ አራት ፓርኮች፣ ሁለት የውኃ መዝናኛዎችና ከ25 በላይ ሆቴሎች ያሉበት፣ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ የሆቴል ስህተት ተራ ስህተት አይደለም። ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆችና ከአገር ቤት ለጥቂት ወራት የመጡ አያት አሉ እንበል። ስድስት ሰው ናቸው። የብዙዎቹ ርካሽ ሆቴሎች መደበኛ ክፍል የሚይዘው አራት ሰው ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሁለት ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ክፍሎቹ ጎን ለጎን እንዲሆኑ መጠየቅ ይቻላል፣ ዋስትና ግን የለውም። ሥራውን የሚያውቅ ወኪል አርት ኦፍ አኒሜሽን በሚባለው ሆቴል ስድስት ሰው የሚይዙ የቤተሰብ ክፍሎች እንዳሉ፣ ከዚያው ደጃፍ ወደ ኤፕኮትና ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ፓርኮች በገመድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ እንደሚነሳ፣ አያትየው ወደ እነዚህ ሁለቱ ለመሄድ አውቶቡስ ለመጠበቅ በፀሐይ መቆም እንደማይኖርባቸው ገና በመጀመሪያው ስልክ ይናገራል። የክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ ያ መጓጓዣ እንደሚቆምም አብሮ ይናገራል። ይህን የማይናገር ወኪል ኮምፒውተሩ ከሚሰጣችሁ የተሻለ አልሰጣችሁም።

የምግብ ነገርም አለ። የፀደይ የትምህርት ቤት ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። የዲዝኒ ምግብ ቤቶች ከ2019 ጀምሮ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆኑ ምግቦችን በቅጠል ምልክት ለይተው ያሳያሉ፤ ስለዚህ ጿሚ አያት እዚያ አይራቡም። ወንበር የሚያዘው ግን ከ60 ቀን በፊት ነው። በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከልዕልቶች ጋር መብላት የምትፈልግ የአምስት ዓመት ልጅ ያላት ቤት ያን ቀን ካሳለፈ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሲሰርዝ ብቻ ነው ተስፋው። በሆቴሎቹ የሚያድር እንግዳ ደግሞ በ60ኛው ቀን የሙሉ ቆይታውን፣ እስከ አሥር ቀን ድረስ ያለውን ማስያዝ ይችላል። «ላይትኒንግ ሌን»ም ለእሱ የሚከፈተው ከሰባት ቀን በፊት ነው።

አሁን ይህን ሁሉ በየቤታችን የሚሠራው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። የ14 ወይም የ15 ዓመት ታላቅ ልጅ ናት። የትምህርት ቤቱን ቅጽ የምትሞላው፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ለእናቷ የምታነበው፣ የአያቷን የሐኪም ቀጠሮ በስልክ የምታስተካክለው እሷ ናት፤ የዲዝኒውም መተግበሪያ እሷ ስልክ ላይ ይጫናል። ፓርኩ ውስጥ ሲገባ አባት «ቀጥሎ ወዴት ነው?» ይላል፣ እናት «መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» ይላሉ፣ ታናሽ ወንድም ቁመቱ 112 ሴንቲ ሜትር ባለመድረሱ ስፔስ ማውንቴን ከሚባለው መጫወቻ በር ላይ ተመልሶ ያለቅሳል፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ስልኳን ትነካካለች። ትንሹ ልጅ የት መግባት እንደማይችል፣ ወላጆች ሁለት ጊዜ ሳይሰለፉ ተራ በተራ ሕፃን እየጠበቁ እንዴት እንደሚገቡ አስቀድሞ በወረቀት አስፍሮ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ይህች ልጅ ዕረፍት ወጣች ማለት ይቻል ነበር። ኮሚሽኑ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ተከፍሎ ሳለ ሥራውን ልጅ ላይ መጫን ለእኔ የማይገባኝ ቁጠባ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ ያለው የወኪል ሥራ ግን ጉዞው ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። ዲዝኒ በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው የሆቴል ቅናሽ ያወጣል። ቅናሹ ሲወጣ አስቀድሞ የያዘ ሰው ክፍል እስካለ ድረስ ዋጋው እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል፤ ማንም ግን ደውሎ አይነግረውም። ጥሩ ወኪል ይህን በየጊዜው ይከታተላል። ዋጋው ሲቀንስ የእሱም ኮሚሽን አብሮ ስለሚቀንስ፣ ይህን ሳይጠየቅ የሚያደርግ ወኪል ለደንበኝነታችሁ የሚያስብ ሰው ነው። አውሎ ነፋስም አለ፤ ወቅቱ ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። በጥቅምት 2024 ሚልተን የተባለው ሲመጣ ፓርኮቹ ተዘግተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ስልክ መስመር ላይ ይንጠለጠላል፤ ወኪል ያለው ሰው የሚደውለው ለወኪሉ ነው።

ጉዳቱን መደበቅ አያስፈልግም። በወኪል የተያዘን ጉዞ ራሳችሁ ለዲዝኒ ደውላችሁ መለወጥ አትችሉም፤ ሁሉም በወኪሉ በኩል ነው። እሁድ ማታ ሐሳባችሁን የምትለውጡ ሰዎች ከሆናችሁ ይህ ያንገበግባችኋል። ወኪሉ ውድ ክፍል ቢሸጥላችሁ የበለጠ እንደሚያገኝም አትርሱ። ከመስኮቱ ቀጭኔና የሜዳ አህያ የሚታይበት አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባል ሆቴል አለ፤ ውብ ነው፣ አሜሪካውያን ይወዱታል። አርባ ምንጭ ያደጉና ነጭ ሳር ላይ የሜዳ አህያ ሲያዩ የኖሩ አያት ለያዘ ቤተሰብ ግን በሌሊት በመቶ የሚቆጠር ተጨማሪ ዶላር ማስከፈል ትንሽ ያስቃል። ሌላው አድልዎ ብዙም አይወራም። ዲዝኒን ብቻ የሚሸጥ ወኪል ልጆቻችሁ 13ና 16 ከሆኑ እዚያው ኦርላንዶ ያለው የተፎካካሪው ኩባንያ ፓርክ፣ ዩኒቨርሳል፣ ይሻላቸው ይሆናል አይላችሁም። በግንቦት 2025 ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለው የዩኒቨርሳል አዲስ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ኦርላንዶ ማለት ዲዝኒ ማለት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ወኪሉን ገና ስትደውሉ ፈትኑት። እሱ ከመናገሩ በፊት የልጆቹን ዕድሜና የትንሹን ቁመት፣ የአያትን ጉልበት፣ የማትበሉትን ነገር ከጠየቀ ቀጥሉ። ገና ሳይጠይቅ የሆቴል ስም ከጠራ አመስግናችሁ ዝጉ። ለምክሩ ከእናንተ ለብቻ የሚቀበለው ክፍያ እንዳለ፣ የምግብ ቤት ወንበርና «ላይትኒንግ ሌን» እሱ ይይዝ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ ለእናንተ ይተዋል። ለዓመታት የአዲስ አበባ ትኬት የቆረጠላችሁ የአገር ልጅ ጥሩ ሰው መሆኑ ኦርላንዶን ያውቃል ማለት አይደለም። እሱም ቢሆን ካላወቀ ለሚያውቅ ቢመራችሁ ክብሩ አይቀንስም።

ገንዘቡ ላይ ግን ቀልድ የለም። ፍሎሪዳ ጉዞ የሚሸጥ ሰው በክፍለ ግዛቱ የግብርና እና የሸማቾች መሥሪያ ቤት እንዲመዘገብ ታዛለች፤ ካሊፎርኒያም የራሷ ምዝገባ አላት። ቁጥሩን ጠይቁ። ቀብዱ 200 ዶላር ነው፤ ቀሪው የሚከፈለው ከመድረሳችሁ 30 ቀን በፊት ነው። የምትከፍሉት በክሬዲት ካርድ ሲሆን፣ በካርዱ መግለጫ ላይ መውጣት ያለበት የዲዝኒ ስም ነው። «ወደ እኔ በዜል ላኩልኝና እኔ እከፍልላችኋለሁ» የሚል ሰው ዘመድም ቢሆን እምቢ በሉት። በቴሌግራም ቡድኖች ላይ «ሁለት ቀን የቀረው ትኬት በግማሽ ዋጋ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የዲዝኒ ትኬት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በር ላይ ጣት ተነክቶ ከመጀመሪያው ተጠቃሚ ጋር ይተሳሰራል። በከፊል ያገለገለ የብዙ ቀን ትኬት መሸጥ በፍሎሪዳ ሕግ የተከለከለ ነው።

በራሳችሁ አስይዛችሁ አሁን ይህን እያነበባችሁ ከሆነም አልረፈደም። ከዲዝኒ በቀጥታ የያዛችሁት ጉዞ ሙሉ ክፍያው እስካልተጠናቀቀ ድረስ፣ ከያዛችሁበት ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ወደ ወኪል ማዛወር ይቻላል። ዋጋው አይጨምርም፤ የሚጠየቀው ወኪሉ የሚልክላችሁን አንድ ቅጽ መሙላት ነው። እሱን እንኳ እባካችሁ ራሳችሁ ሙሉት፤ ለልጅቷ አትስጧት።