ልሂድ ብሎ የማይሄድ እንግዳ

የአክስቴ መምጣት ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መሄዷ ነው። አቦሉን እንደጠጣች «በሉ እንግዲህ ልነሳ» ትላለች። «ኧረ ቶናው ሳይቀዳ!» ስትባል ትቀመጣለች። በረካውም ካለቀ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፍ ትደርስና የጎረቤትን ፍቺ ከሥር መሠረቱ ትጀምረዋለች። እንደሷ ያለ ሰው በዓለም የለም ብዬ ስኖር፣ «ዘ ሁ» የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ታሪክ አነበብኩ። ስሙ «ማን» እንደ ማለት ነው፤ በር ሲንኳኳ የምንጠይቃት ጥያቄ።

የለንደን ልጆች ናቸው። በ1964 (ካላልኩ በቀር አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው) ጊታሪስቱ ፒት ታውንሸንድ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲጫወት የጊታሩ አንገት ዝቅ ካለው ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። እሱም ሆን ብሎ ያደረገው አስመስሎ የቀረውን ሰባበረው። መንገድ ላይ ተደናቅፎ «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ብሎ ሩጫ የሚቀጥል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ልዩነቱ፣ ታውንሸንድ በዚሁ ገናና ሆነና ጊታር መስበር መደበኛ ሥራው ሆኖ ቀረ።

በ1965 ደግሞ ገና በ20 ዓመቱ «ማይ ጄኔሬሽን» የሚለውን ዘፈን ጻፈ። ድምፃዊው ሮጀር ዳልትሪ እየተንተባተበ፣ ከማርጀቱ በፊት ቢሞት እንደሚመርጥ ለዓለም አሳወቀ። ምኞቱ ሰምሮ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ።

በ1982 «ኢትስ ሃርድ» የተባለ አልበም አወጡና የስንብት ጉዞ ጀመሩ። ታኅሣሥ ላይ ቶሮንቶ ሲደርሱ በቃ፣ አለቀ ተባለ።

አቦሉ ይሄ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ተመለሱ። የጠራቸው ማን መሰላችሁ? የኛ ችግር! በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ለዚያ ድርቅ እርዳታ ዌምብሌይ ላይ በተሰናዳው የላይቭ ኤድ ኮንሰርት እንደገና መድረክ ላይ ወጡ። በውለታ አልስቅም። በሳተላይቱ ግን እስቃለሁ። ዳልትሪ «ማይ ጄኔሬሽን»ን ሲዘፍን፣ ትልልቆቹን «ለምን አትጠፉልንም» የሚልበት ስንኝ ላይ እንደደረሰ የቴሌቪዥን ሥርጭቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መሃል ሂድ ሲባል የሄደው እሱ ብቻ ነው።

በ1989 የ25ኛ ዓመት በዓል ብለው መጡ። ከበሮ መቺው ኪት ሙን በ1978 ገና በ32 ዓመቱ አርፏል። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ኤንትዊስል ደግሞ በ2002 የአሜሪካው ጉዞ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ላስ ቬጋስ ውስጥ ሞተ። ሳልስቱ እንደወጣ የቀሩት ሁለቱ ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ነበሩ። እኛ ሰፈር ቢሆን ዕድሩ ራሱ ይቀጣቸው ነበር።

ከ«ኢትስ ሃርድ» 24 ዓመት ቆይተው በ2006 ያወጡት አልበም «ኤንድለስ ዋየር» ይባላል፤ ማለቂያ የሌለው ሽቦ። የአክስቴን የስልክ ወሬ ሰምተው ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። የ50ኛ ዓመቱ ጉዞ ሲታወጅ፣ በ2014፣ ዳልትሪ ይህ የረጅሙ ስንብት መጀመሪያ ነው አለ። መጀመሪያው! አክስቴ እንኳ ጫማዋን ሳታደርግ እንዲህ አትልም።

በ2025 ዳልትሪ 81፣ ታውንሸንድ 80 ሞልቷቸው ሌላ የስንብት ጉዞ ወጡ። ከዚያ በፊት ከበሮ መቺያቸውን ዛክ ስታርኪን ሚያዝያ ላይ አሰናበቱት፣ በቀናት ውስጥ መለሱት፣ ግንቦት ላይ እንደገና አሰናበቱት። ሌላውን መሸኘትም አይሆንላቸውም ማለት ነው።

የጉዞውን ስም ልብ ብዬ አየሁት፤ «የሰሜን አሜሪካ ስንብት» ነው የሚለው። የቀሩት አህጉራት ስም አልተነሳም።

አክስቴ ባለፈው እሁድ ታክሲ ድረስ ሸኝተናት ሄደች። ተመልሰን ስንገባ ነጠላዋ ሶፋው ላይ ነው። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታ ጀበናውን መልሳ ጣደችው።