የአሸንዳችሁ ጫፍ ወዴት ያያል?

የአዲስ አበባ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ክረምት በገባ ቁጥር ወሬያችን አንድ ነው። ቱቦ አልተጠረገም፣ መንገዱ በወጉ አልተሠራም። እውነት አለው፤ አልክድም። ግን ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ያዙና እስኪ ከበራችሁ ውጡ። ብሎኬት ተበስቶ ከየአጥሩ ሥር የወጣውን ቱቦ ቁጠሩ። ሁሉም አፉን ወደ መንገድ ከፍቶ ይተፋል። ያ ጎርፍ የኛው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያው 100 ካሬ የሆነ ቤት፣ 40 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 4,000 ሊትር ያወርዳል። 200 ጀሪካን! ውሃ በጠፋ ሳምንት ለአንዷ ጀሪካን የምንሰለፍ ሰዎች፣ 200ውን በአንድ ከሰዓት ጎረቤት በር ላይ እንደፋለን። ጭቃ ጠልተን ግቢውን ጥግ እስከ ጥግ በስሚንቶ ደፍነነዋልና የሚሰርግ ጠብታ የለም። ከተማዋ ደግሞ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ላይ የተለቀቀው ታች ይደርሳል፤ ከነደለሉ፣ ከነፌስታሉ።

እኔም ግቢዬን ስሚንቶ አስለብሼ፣ አሸንዳዬን በአጥር አሾልኬ ወደ ውጭ አውጥቼ ነበር። ኩራቴን ብታዩ! በዚያው ነሐሴ አንድ ማታ ከኛ በታች ካሉት እትዬ ቤት ጫጫታ ሰማሁ። ስወርድ ቀይ ውሃ በብረት በራቸው ሥር እየገባ ነው። የጤፍ ከረጢቱ አልጋ ላይ ወጥቷል፤ ሊጡ ከነቡሃቃው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሳቸው በጣሳ ይጨልፋሉ። አብሬ ስጨልፍ ቆይቼ ቀና ብል፣ ውሃው የሚመጣው ከኔ ቱቦ ነው። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላም ብልጠት አለን። ጎርፍ የገባበት ሰው ገረጋንቲ አስደፍቶ ግቢውን ከፍ ያደርጋል። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ጎረቤት ይገባል። ጎረቤትም ገረጋንቲ ያመጣል። መጨረሻ ላይ አቅም ያጣው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ከኛ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ ጎረቤት አላሰጠመችም። ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ቦይ ውስጥ የሚለቀውንማ ምን ልበለው? ልጆች እኮ ነገ ጠዋት በዚያ ቦይ ላይ ተሻግረው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

አሸንዳችሁን ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ መልሱት። መጀመሪያ የሚወርደውን ድፉት፣ አቧራና የወፍ ኩስ ነው፤ የቀረው ለልብስም ለአትክልትም ይሆናል። በአጥሩ ሥር አንድ ሜትር ያህል አፈር ክፍት ተዉ፤ ዝቅ ይበል፣ ሣር ይብቀልበት። ኮብልስቶን ካነጠፋችሁ መገጣጠሚያውን አሸዋ ሙሉት እንጂ በስሚንቶ አትድፈኑት። የተረፈውን ውሃ ድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ይጠጣዋል፤ ብቻ ከቤቱ መሠረት ራቅ ይበል።

ጉድጓዱ ግን ለሁሉም ሰፈር አይሆንም። ቦሌና አቃቂ በኩል ዋልካ አፈር ላይ የሠራችሁ፣ ተጠንቀቁ። ዋልካ ከጠገበ ውሃ አያሳልፍም። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳችሁንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። እዚያ የሚያዋጣው ውሃውን በሮቶ ይዞ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። መንገዱን የሚያጥለቀልቀው ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስንለቅበት ነው።

እድር ስንሰበሰብ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ግማሽ ቀን እንከራከራለን። የሰፈሩን ቦይ በግንቦት መጥረግ አንድ ጊዜ ቢነሳ ምን አለበት? ሐምሌ ላይ በዱላ ቱቦ መጎርጎር ለማንም አልበጀም።

የኔ ቱቦ ተዘግቷል። ባለፈው ቅዳሜ በአጥሩ ሥር ያለውን ስሚንቶ መፍለጥ ጀመርኩ። ዲጂኖ ስላልነበረኝ ከእትዬ ተዋስኩ። ገና ግማሽ ላይ ነኝ፤ እጄም ውሃ ቋጥሯል።